ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ ኬብሉ ይፈተሽ

በጋሞ ዞን ዋና ከተማ በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ የቢሮ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙዎች ቶሎ የሚደውሉት ለአገልግሎት ሰጪው ነው። ችግሩ ግን ከግድግዳው የኔትወርክ ሶኬት ጀርባ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚለየው በእጅ የሚያዘው የኬብል ቴስተር ነው።

ቴስተሩ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በአጭር ኬብል ከግድግዳው ሶኬት፣ ሌላው ከመስመሩ ማዶ ጫፍ ጋር ይገናኛል። ኬብሉ ውስጥ በ4 ጥንድ የተጠማዘዙ 8 ሽቦዎች ስላሉ፣ መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በተራ ይበራሉ። 3ኛው ከተዘለለ ያ ሽቦ ተቆርጧል ወይም በደንብ አልገባም፤ ተራው ከተዛባ ሽቦዎቹ ተቀያይረዋል።

በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎች ብቻ 100 ሜጋቢት ይሠራል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል።

አድማጮች፣ ከመፈተሻችሁ በፊት ኬብሉን ከኔትወርክ ስዊቹ ንቀሉ፤ በኬብሉ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ቴስተሩን ሊያቃጥል ይችላል።