መምህርን ስለ መጠየቅ
(በተማሪዎች ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



የግሪክ ፈላስፎች ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» የሶቅራጥስን፥ የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን ስም ያነሣል። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ የምናገኛቸው በምክርና በምሳሌ ቃል ነው። እኔ ዛሬ ልናገር የምፈልገው እርስ በርሳቸው ስለ ተከራከሩበት ነገር ነው።

ሶቅራጥስ አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጻፈም። ሥራው በአቴና ገበያ እየዞረ፥ ፍትሕ ምንድን ነው? ጀግንነት ምንድን ነው? እያለ አውቃለሁ ባዩን ሁሉ መጠየቅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት፥ ዕድሜው 70 ሲሆን፥ የከተማይቱን አማልክት አያከብርም፥ ወጣቶችንም ያበላሻል ተብሎ ተከሶ ሞት ተፈረደበት። ወዳጁ ክሪቶን ከወኅኒ ሊያስመልጠው ቢመጣ እንቢ ብሎ መርዙን ጠጣ።

ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን አካዳሚያ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ወደዚያም በ367 ዓመት ከሰሜን፥ ከስታጊራ ከተማ፥ አርስጣጣሊስ የሚባል የ17 ዓመት ወጣት መጣ። እርሱም እንደ እኛ ለትምህርት ከአገሩ የወጣ፥ በአቴና ሸንጎ ድምፅ የማይሰጥ፥ መሬት የመግዛት መብት የሌለው መጻተኛ ነበር። በአካዳሚያ 20 ዓመት ተቀመጠ። ሆኖም አፍላጦን፥ እውነተኛው ነገር ከሚታየው ዓለም በላይ የሚኖረው የማይለወጥ አርአያ ነው ሲል፥ ደቀ መዝሙሩ የነገር ባሕርይ ከነገሩ ተለይቶ አይኖርም ብሎ ተከራከረ። መምህሩን ያከበረው በዚሁ ነው።

ይኸው ታላቅ ሊቅ ግን «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ባሮች ናቸው ብሎ ጻፈ። ባርነት የጉልበት ሥራ ነው እንጂ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም የሚሉ ሰዎች በዘመኑ እንደ ነበሩ ራሱ መዝግቦልናል፤ ከክርክራቸው ግን ጥቂቱን ብቻ ተቀበለ። ለማሰብ ፋታ ያስፈልጋል ብሎ ያስተማረ ሰው፥ ያ ፋታ ከማን ላብ እንደሚመጣ እስከ መጨረሻው አልጠየቀም። በዚያን ዘመን በላውርዮን የአቴናን ብር ከመሬት በታች ይቆፍሩ የነበሩት ባሮች ነበሩ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የተማረ ሰው ለሚመቸው ሥርዓት ምክንያት አያጣም፤ ትምህርቱ ሲበዛማ ምክንያቱም ያምራል። እኛም መጽሐፍ ዘርግተን የምንቀመጠው ሌላው ስለሚያርስ፥ ስለሚሸምንና ስለሚሸከም ነው። ስለዚህ አርስጣጣሊስ አፍላጦንን እንደ ጠየቀ እኛም አርስጣጣሊስን፥ ከእርሱም ቀጥሎ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ይህን ነገር የምናምነው እውነት ስለ ሆነ ነው ወይስ ስለሚጠቅመን?