ሰሙና ወርቁ በእሳት ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በጎጃም የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ስሙ የታወቀ ነው። በዚያ ተማሪው ቀን ከሌት የሚደክመው ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ነው። ቃሉ ግን አስቀድሞ የአንጥረኛ ነበረ። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያፈሰዋል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ያገባበታል።

እሳቱ በወርቁ ላይ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ወርቅ አቶም ከሚባሉ እጅግ ረቂቃን ክፍሎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ አቶም መካከል አስኳል አለ፤ በአስኳሉም ውስጥ ፕሮቶኖች አሉ። 79 ፕሮቶን ያለው ወርቅ ነው፤ 47 ያለው ብር፣ 29 ያለው መዳብ ነው። ቀድሞ ሊቃውንቱ በክብደት ይመድቧቸው ነበር፤ መሠረቱ ይህ ቁጥር መሆኑን በ1913 እ.ኤ.አ. ያስረዳው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ በጦር ሜዳ ሞተ።

አቶሞች ዝም ብለው አይቀመጡም። ጸጥ ባለው የወርቅ መስቀል ውስጥ እያንዳንዱ በስፍራው ሆኖ በአንድ ሴኮንድ ከሚልዮን ጊዜ ሚልዮን በላይ ይርገበገባል። እሳት መርገብገቡን ያበረታዋል፤ ሙቀቱ 1064 ዲግሪ ሲደርስ አቶሞቹ ስፍራቸውን ይለቃሉ፤ ወርቁም ይፈሳል። ሰባ ዘጠኙን ግን የሚነካቸው የለም፤ የአንጥረኛው ወናፍ እስከ አስኳሉ አይደርስም።

ስለዚህ መዳብን በእሳትና በአስማት ወርቅ አደርጋለሁ የሚል ቢመጣባችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት። እርግጥ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርምር 82 ፕሮቶን ካለው እርሳስ ሦስቱ እየወጡ ወርቅ ሆኗል። የተገኘው ግን ከግራም ቢልዮንኛ እጅ ያነሰ ነው፤ እርሱም ወዲያው ጠፍቷል። ቀለበት አይወጣውም!

ይህን ያነሣሁት ስለ ምንድን ነው? ልጇን የቀበረች እናት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ፣ ለጸሎት ቆመው ልባቸው ሲናወጥ ሃይማኖታቸው የጠፋ ይመስላቸዋል። መናወጥ ሌላ ነው፤ መለወጥ ሌላ ነው። የዲማው ታቦት ባለቤት ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥጋው ተፈጭቶ በይድራስ ተራራ እንደ ተበተነ ገድሉ ይነግረናል፤ እምነቱን ግን ያ ሁሉ እሳት አላገኘውም።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወርቅ ፈቃድ የለውምና። ሰው ግን ሊክድ ይችላል፤ ሊመለስም ይችላል። እንግዲህ ልቡ የታወከበት ሁሉ እስኪረጋጋ አይጠብቅ፤ እንዳለ ሆኖ ዛሬውኑ ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።