የምድር ቤት እርጥበት፦ መንሥኤውና መከላከያው



ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይህ አባባል ከመሬት ወለል በታች በሚሠራ ምድር ቤት ላይ በግልጽ ይታያል። በመጀመሪያው ክረምት በግድግዳው ግርጌ ጥቂት ወዝ ይታያል፤ ባለቤቱም ቀለም ያስቀባዋል። በሚቀጥለው ክረምት ልስኑ ይፈረፈራል፤ ነጭ ጨውም ይወጣበታል። ከዓመታት በኋላ ፌሮው ዝጎና አብጦ ቤቶኑን ሲሰነጥቅ ነገሩ የቀለም መሆኑ ቀርቶ የሕንፃው ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

የተለመደው ስሕተት መንሥኤውን ሳይለዩ ወደ መድኃኒቱ መሮጥ ነው። እርጥበት ከሦስት ምንጮች ይመጣል፤ እነዚህም ከጣራና ከግቢ የሚወርደው የዝናብ ውሃ፣ በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ፣ እንዲሁም አየር የተሸከመው እንፋሎት ናቸው። ለመለየትም በደረቀው የግድግዳ ገጽ ላይ ቁራጭ ፕላስቲክ ዙሪያውን አጣብቆ ሁለት ቀን ማቆየት ይረዳል። ጠሉ በፕላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው፤ በስተጀርባው ከታየ ግን በግድግዳው ዘልቆ የመጣ ነው።

የዝናቡ ውሃ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም የአሸንዳው ቱቦ ከመሠረቱ አጠገብ ከፈሰሰ፣ ይህ ሁሉ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ቦሌን በመሰሉ የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ባለባቸው ሠፈሮች ደግሞ በበጋ የተሰነጠቀው መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ጥልቅ ያወርደዋል። ስለዚህ ውሃውን በቱቦ ማራቅ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውንም መሬት በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ ይገባል።

በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ከባድ ኃይል አለው። ከግድግዳው ውጭ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ግርጌውን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2 ቶን ያህል ይገፋዋል። በውስጥ በኩል የተቀባ ቀለም ይህን ግፊት አይችለውም። ትክክለኛው መከላከያ የግድግዳውን ውጫዊ ገጽ ለስኖ ሬንጅ መቀባት፣ ከጎኑ ጠጠር መሙላት፣ ከግርጌውም የተበሳሳ ቱቦ ቀብሮ ውሃውን ዝቅ ወዳለ ቦታ ማስወጣት ነው። የመሬቱ አቀማመጥ ካልፈቀደ ውሃው በጉድጓድ ተጠራቅሞ በፓምፕ ይወጣል። ከአየር ለሚመጣው እርጥበት ግን በቂ መናፈሻ ማበጀትና በምድር ቤቱ ውስጥ እርጥብ ልብስ አለማስጣት ይረዳል።

ይህ ሁሉ በአነስተኛ ወጪ የሚፈጸመው የመሠረቱ ቁፋሮ ክፍት ሳለ ነው። አፈር ከተሞላበት፣ ግቢውም ከተነጠፈ በኋላ እንደገና መቆፈር ግድ ይላል፤ ዕዳውም በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም የውጭውን ሥራ በዓይኑ ሳያይ አፈር እንዲሞላ የሚፈቅድ መሐንዲስ አደራውን አልተወጣም።