የቦኖው መደብ ነገር
(ለሰፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ የተነበበ ንግግር)



በዛሬው ዕለት በማኅበሩ ኮሚቴ ስም የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ይምሰል እንጂ ጧትና ማታ የሰው ጀርባ የሚነካ ነው። ይኸውም በቦኖው አጠገብ እንዲሠራ ስላሰብነው የሸክም መደብ ነው።

እንደሚታወቀው ድሮ ውኃ የሚቀዳው በእንስራ ነበር። እንስራ ባዶውንም ከባድ ነው፤ እግር ከተንሸራተተ ደግሞ ይሰበርና ውኃውም ድካሙም አብሮ ይፈሳል። ጀሪካን ሲመጣ ይኸ ቀለለ። ጀሪካን ከየት መጣ ቢባል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ጀርመኖች ለጦራቸው ነዳጅ መያዣ ብለው የሠሩት የብረት ዕቃ ነው። ስሙ የመጣው ከእንግሊዞች ነው፤ ጀርመኖችን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሏቸው ነበርና።

ያ የብረት ጀሪካን ሦስት እጀታ ነበረው። ለምን ሦስት? አንድ ሰው ሲይዘው የመካከሉን ይጨብጣል፤ ሁለት ሰው ሲረዳዳ የግራና የቀኙን ይይዛል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ጀሪካን አጋጥሞ በአንድ እጁ ያነሣል። ልብ በሉ፤ የሠራው ሰው ያሰበው ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ተሸካሚውም ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን ግን እጀታው አንድ ነው። 20 ሊትር ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ታዲያ የሚከብደው መንገዱ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት አንሥቶ ጀርባ ላይ ማድረሱ ነው። የሚያሸክማት ያጣች ሴት ሰው እስኪያልፍ ቆማ ትጠብቃለች፤ ወይ ተንበርክካ ብቻዋን ትታገላለች። ነፍሰ ጡሯስ? አሮጊቷስ? ትምህርት ቤት የሚረፍድባት ልጅስ?

ወረፋውም የሚረዝመው ከዚሁ የተነሣ ነው። ስፌር የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ መመሪያ፣ በደቂቃ 7.5 ሊትር የምታወርድ አንዲት ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ እንዳታገለግል ይላል። በዚህ ሒሳብ 20 ሊትር ለመሙላት ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን የሞላው ጀሪካን አሸካሚ ሲጠብቅ ቧንቧው ሥር ከተቀመጠ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሣል።

ስለዚህ ያሰብነው ይኸ ነው። ከቧንቧው እልፍ ብሎ ሁለት ደረጃ ያለው የድንጋይ መደብ ይሠራ። የሞላው ጀሪካን ከመሬት ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው ይወጣል። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ በገመዱ ታዝላለች፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ትንንሽ ጀሪካን የሚይዙ ልጆች ከታችኛው ደረጃ ይሸከማሉ። የሚፈሰውም ውኃ ጭቃ ሆኖ እንዳያንሸራትት በቦይ ወደ ታች ወርዶ ለከብት ማጠጫ ይሁን።

ቁመቱን ግን ኮሚቴው አልወሰነም። ወንዶች ተሰብስበን በሜትር ብንቆርጠው ለማን ይሆናል? ማክሰኞ ጧት እናቶችና ልጃገረዶች ከነጀሪካናችሁ ቦኖው ዘንድ እንድትመጡ እንጠይቃለን። ድንጋይ ደርድረን እናንተው በጀርባችሁ ትለኩታላችሁ፤ ግንበኛውም የምትሉትን ይይዛል።

ይኸ አስተሳሰብ የቦኖ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት፣ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ለማድረግ ነው። እዚያ የባለጉዳዩ እግር ታሰበለት፤ እዚህ ደግሞ የቀጂዋ ጀርባ ይታሰብላት። እኛ መሶብ ባንከፍት መደብ መሥራት አያቅተንም።

አንዳንድ አባሎች «ገንዘቡ ለድንኳን ይዋል» ብላችኋል። ድንኳኑም ያስፈልገናል፤ አልካድንም። ግን ድንኳን የሚዘረጋው ለቅሶና ሠርግ ሲኖር ነው፤ ውኃ የሚቀዳው በየቀኑ ነው። ደግሞም ድንጋዩን ከየቤታችን ካመጣን ከማኅበሩ ሣጥን የሚወጣው የሲሚንቶና የግንበኛው ዋጋ ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

እንግዲህ የምትቃወሙም የምትደግፉም ዛሬ እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ። ከተስማማን፣ በዓል ካልዋለበት በስተቀር ሐሙስ ጧት እያንዳንዱ ቤት አቅሙ የቻለውን ድንጋይ ይዞ ይምጣ። አቅም የሌላቸውን አረጋውያን ድርሻ ወጣቶቹ ይሸፍኑ።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ አምበር