ኮንክሪትም ያብጣል
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጤና ተናገሪልን» ብለውኝ ነበር። ስለ ደም ግፊት ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ኮንክሪት ነው። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ልጆች ፈገግ ስትሉ አያችኋለሁ። ስሳሳት አርሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ጤና ተቋም ከማዋለጃ ክፍሉ ጀርባ የኮንክሪት ውሃ ማጠራቀሚያ አለው፤ ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ አስለሰንኩት፤ ተሰነጠቀ። ደግሜ አስለሰንኩ፣ ቀለምም አስቀባሁ፤ አሁንም ያው። ከጎኑ ያለው የፓምፕ ክፍል በር አልዘጋ ሲል አናጺ ጠርቼ አስላግሁት፤ በዓመቱ እንደገና ተቀረቀረ። ምልክቱን ስሸፍን፣ በሽታውን ሳልጠይቅ አራት ዓመት ሄደ። ተማሪዬ በበሽተኛ ላይ እንዲህ ቢያደርግ ከዋርድ ነበር የማስወጣው።

የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ግቢ፣ ቡና ላይ፣ ለአንድ ሲቪል መሐንዲስ ባቻችን ነገርኩት። አጠያየቁ የሐኪም ነው፤ «መቼ ጀመረ? ክረምት ላይ ይብሳል? ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ደረቀ መረሬ መሬት የተጠላለፈ? ነጭ ነገር ይወጣዋል?» ሁሉንም መለስኩለት። «አንቺ፣ ልስኑን ተዪው፤ ኮንክሪቱ ራሱ እያበጠ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

እንዴት ያብጣል? የኮንክሪት ሆድ እንደምናስበው ደረቅ አይደለም። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት፣ ፒኤቹ ከ13 የሚያልፍ ፈሳሽ አለ። የደማችን 7.4 መሆኑን አስቡ። ይህ አልካሊ ለብረቱ ጥሩ ነው፣ ከዝገት ይጠብቀዋል። ጠጠሩ ወይም አሸዋው ውስጥ ግን እንደ ኦፓል ወይም እንደ እሳተ ገሞራ መስታወት ያለ፣ አወቃቀሩ ያልተደራጀ ሲሊካ ካለ፣ ፈሳሹ ይበላዋል። ከዚያ የሚወጣው ዝልግልግ ጄል ነው። ጄሉ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከውስጥ ይገፋል። ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲወጥሩት ግን አቅሙ የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ጄሉም እንደገና ይጠጣል። ከደላንታ ተቆፍሮ ቀለበታችን ላይ የሚያምረው ኦፓል፣ ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ጠላት ነው።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1940 ያስረዳው የካሊፎርኒያው የመንገድ መሐንዲስ ቶማስ ስታንተን ነው። ካናዳ ውስጥ የማክታኳክ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ሲጀምር መቶ ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ኮንክሪቱ ማበጡን አላቆም ሲል፣ መተንፈሻ ክፍተት እንዲያገኝ በአልማዝ ገመድ ይቆርጡታል። የቀዶ ሕክምና ልጆች፣ ፋሺዮቶሚ በሉት።

የሚያብጥ ሁሉ ግን አንድ በሽታ የለበትም። የዛገ ብረትም ይገፋል፤ በተሞላ ሰሞን ከ70 ዲግሪ በላይ የሞቀ ኮንክሪትም በሌላ ምክንያት ከዓመታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ከግድግዳው ናሙና ተወሰደ፤ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ታየ። ባዮፕሲ ማለት ነው። ጄሉ ጠጠሮቹ ዙሪያ ተገኘ።

«መድኃኒት የለውም?» አልኩት። «ሊቲየም ይሞከራል» ሲለኝ ሳቅሁ፤ የሳይካትሪ ልጆች ታውቁታላችሁ። ገና ሲቦካ ቢጨመር እብጠቱን ይቀንሳል፤ በጠነከረ ኮንክሪት ውስጥ ግን ጠልቆ አይገባም። የሚቀረው ውሃ መከልከል ነው። የውሃ ማጠራቀሚያን ውሃ መከልከል! ሮቶ እስኪተከል ሦስት ሳምንት ማዋለጃ ክፍሉ በጄሪካን ውሃ ሠራ። አዋላጆቹ ተቆጥተውኛል፤ ልክ ናቸው። ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ተዘጋጅተን እናደርገው ነበር።

አሁን አዲስ የእናቶች ሕንፃ ሊሠራ ነው። ጠጠሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ በአገራችን ሞልቷል። እንዲያውም ፑሚስ በደቃቁ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ እብጠቱን ይከላከላል፤ ዱቄቱ አልካሊውን ቀድሞ ይይዘዋል። እኔ የጠየቅሁት ጠጠሩ እንዲመረመር ነው። ከጠጠሩ አሸዋ ተፈጭቶ የሞርታር ዘንግ ይሠራል፤ ዘንጉ 80 ዲግሪ በሞቀ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ 14 ቀን ይዘፈዘፋል። እድገቱ ከ0.10 በመቶ በታች ከሆነ ደህና ይባላል፤ ከ0.20 ካለፈ ያሰጋል። ተቋራጩ «በዚህ ድንጋይ ስንት ሕንፃ ሠርተናል» ይላል። በሽታው እስኪታይ አሥር ዓመትም ከዚያ በላይም ሊፈጅ ስለሚችል መልሱ አላረካኝም። ናሙናው ባለፈው ሳምንት ተልኳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ አልፈርምም ብያለሁ።

የአሮጌው ገንዳ ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማር ተክለን ርቀታቸውን በየሦስት ወሩ እንለካለን። የፓምፕ ክፍሉ በር ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቷል። የለካሁበት ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ መሐንዲሶች ከምሳ በኋላ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።