ብስክሌትና የሰፈራችን ዳገት

(በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም በኮልፌ ሜዳ በኪራይ ስንለማመድ የሚመስለን ይኸው ነበርና። ነገር ግን አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ብስክሌተኞችም ነበሩ።

ለእኛ ግን ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ነው። ከክፍላችን ልጆች ከቀራንዮ ወዲያ በእግር የሚመጡ አሉ። የታክሲው ሒሳብ ለሦስት ልጆች ሲባዛ ከቤቱ አስቤዛ ላይ የሚነሣ ስለ ሆነ፥ ወላጅ ታናሹን አሳፍሮ ሁለቱን በእግር ይልካል። በእግር አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እንጀራ ለየሱቁ የምታደርስ እናትም ብስክሌት ቢኖራት ለተሸካሚ የምትከፍለው በእጅዋ ይቀራል።

«ባሕር ዳርና ሐዋሳ እኮ ሜዳ ናቸው» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ መሬት ከ2,200 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ማርሽ ያለው ብስክሌት ዳገቱን ያቀለዋል፤ ከባሰም ወርዶ መግፋት ነው። እየተገፋ እንኳ በጀርባ የማይቻለውን ይሸከማል።

እኛን የሚያሰጋን ቁልቁለቱ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛችን ፍሬኑ ባለቀ ብስክሌት ሲወርድ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የፍሬኑ ላስቲክ ዋጋ እኮ ከሕክምናው ጋር አይወዳደርም! ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ዋና መንገዶች ላይ የብስክሌት መሥመር ተለይቶ ወጥቷል፤ የሰፈራችን የውስጥ መንገድ ግን ገና ኮረኮንች ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ አዲስ ግዙልን አንልም። አራት አምስት ቤተ ሰብ ዕቁብ ቢገባ አሮጌ ብስክሌት በየተራ ይደርሳል፤ ጎማ መለጠፍም ከሰፈራችን ጎሚስታ እንማራለን። ዕጣው ለእኅቶቻችንም ይድረሳቸው። «ሴት ልጅ በብስክሌት?» የሚል ጎረቤት፥ በጨለማ በእግር ስትመለስ ምነው ዝም አለ?

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ብዙዎቻችን ብስክሌት የማናመጣው ሌባ ፈርተን ነው። በግቢው በር፥ ከዘበኛው ቤት ጎን ባዶ ቦታ አለ። ማሰሪያውን ብረት እኛ አዋጥተን እናስበይዳለን፤ ፈቃዱን ግን ከእናንተ እንጠብቃለን።