ቀይ ቀበሮና በግ አርቢው
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዘሩ ከተኩላ ወገን ሲሆን፣ የቀረው ቁጥር 500 ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው በባሌ ተራሮች፣ ቀሪው በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች ይኖራል።

አርቢው "ጠቦቴን በላብኝ" ይላል። ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም፤ እረኛ የራቀውን ግልገል አንዳንዴ ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። አይጦቹ ቀን ስለሚወጡ እርሱም በአብዛኛው የሚያድነው በቀን ነው። በመሆኑም ሌሊት ከበረት በግ ቢጠፋ፣ ቀይ ቀበሮን ከመክሰስ በፊት የጅብ ዱካ መፈለግ ይገባል። ገብስ የሚያጠፋውን አይጥ የሚበላ እንስሳ በዱላ ማሳደድ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?

ክልሉን ከወገኖቹ ጋር ጧትና ማታ ዞሮ ይጠብቃል፤ ለአደን ግን ለየብቻው ይወጣል። በመንዝ ጓሳ ከጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ ያድናል። በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት መሠረት በጭላዳዎች መሀል ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ ተሳክቶለታል። የጭላዳ ግልገሎችን እምብዛም ስለማይነካ መንጋው አይሸሸውም። በባሌም ከከብት መሀል ተከልሎ ሲያድን ታይቷል። ስለዚህ በመንጋ አጠገብ የታየ ሁሉ በግ ሊሰርቅ መጣ ማለት አይደለም።

ትልቁ አደጋ ያለው ከሰው ቤት ነው፤ እርሱም ያልተከተበ ውሻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ በባሌ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ወዲያው የተሰጠው ክትባት ሥርጭቱን ገታ፤ ቁጥሩም በጥቂት ዓመታት አገገመ። ይኸው በሽታ ሰውንና ከብትንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል።

ስለሆነም አባላት ውሾቻቸውን በየዓመቱ ያስከትቡ፤ ቀበሌውም ቀኑን አስቀድሞ ያሳውቅ። የአንድ ቤት ውሻ ብቻ ቢከተብ መንደሩ አይድንም። ወደ ግጦሽ የሚወርድ ውሻ ቁጥሩ ይቀነስ፣ ሌሊትም ይታሰር። ጠቦቶች ትልቅ እረኛ ይኑራቸው። ቡችላዎች በሚወለዱበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ እረኞች ከጉድጓዳቸው ውሻን ያርቁ።